ባዋጣነው ጌም ላይ ቁልፍ? የሳምንቱ ክርክር

ፒያሳ ኪቦርድ (አወያይ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኪክስታርተርን በመሰሉ የመዋጮ ገጾች ላይ ገና ላልተሠራ ጌም ብር የሚያወጣ ሰው እዚህ ግሩፕ ውስጥ በዝቷል። ጌሙ ተሠርቶ ሲመጣ ግን አንዳንዱ ዲአርኤም (የቅጂ ቁልፍ) አዝሎ ነው የሚመጣው፤ አካውንት፣ ሰርቨር ወይም አክቲቬሽን ካላረጋገጠለት አይከፈትም። ጥያቄው ይኼ ነው፦ በሕዝብ መዋጮ የተሠራ ጌም ዲአርኤም ሊኖረው ይገባል ወይ? «ክራኩ (ቁልፉ የተሰበረለት ቅጂ) ይወጣ የለ እንዴ» የሚል መልስ አይቆጠርም። እሱ የሌላ ቀን ክርክር ነው።

ክራክ በቃኝ፦
አይገባም። ዴኑቮን የመሰለ መከላከያ ስቱዲዮዎች የሚገዙት ጌሙ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለውን ሽያጭ ከክራክ ለማትረፍ ነው። የመዋጮ ጌም ላይ ግን እኛ ገና አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ ከፍለናል። ታዲያ ቁልፉ ማንን ነው የሚጠብቀው? ቀድሞ የከፈለውን?
በ2012 (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) ደብል ፋይን የሚባል ስቱዲዮ 400,000 ዶላር ጠይቆ ከ3.3 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ። በዚያው ዓመት ዌስትላንድ 2 እና ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲ የሚባሉ ጌሞች ተከተሉ። ሦስቱም ላዋጡት ሰዎች ያለ ዲአርኤም ቅጂ ሰጡ፤ ሰማይ አልተደፋም።

ኮምፓይለር፦
ወንድሜ፣ የጠራኸው ምሳሌ ራሱ ይመልስልሃል። ያ 3.3 ሚሊዮን ለደብል ፋይን አልበቃም። ጌማቸውን ብሮክን ኤጅን ለሁለት ከፈሉት፤ የመጀመሪያው ክፍል በጃንዋሪ 2014 ወጥቶ ለገበያ ቀረበ፣ ሁለተኛው እስከ ኤፕሪል 2015 ቆየ። ከመዋጮው ላይ ኪክስታርተር 5 በመቶ ይቆርጣል፣ የክፍያ አስተላላፊው ደግሞ 3 በመቶ ገደማና በየክፍያው ጥቂት ሳንቲም። ከዚያ ቲሸርቱ፣ ፖስተሩ፣ የፖስታው ሒሳብ አለ። ለደሞዝ የሚተርፈው እናንተ የምታስቡትን ያህል አይደለም። ስለዚህ «ሽያጩ ቀድሞ አልቋል» የሚለው ስሌት አይሠራም።
ይህን ስል ለዴኑቮ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። የጌም መሸጫው ስቲም ላይ መውጣትንና መቆለፍን ግን አንድ አታድርጓቸው። ስቲም ማንንም ቆልፍ ብሎ አያስገድድም። ጌሙ ሲነሣ «ስቲም አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የለም ከተባለ ወይ ዘግቶ ይወጣል፣ ወይ አቺቭመንቱንና ክላውድ ሴቩን ትቶ ይቀጥላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ስቱዲዮው ነው፤ የጥቂት መስመር ኮድ ጉዳይ ነው። ስቲም በላዩ ላይ የሚሰጠው የዲአርኤም መጠቅለያም አለ። እሱን ባለቤቱ ቫልቭ ራሱ በሰነዱ ላይ ለብቻው ክራክ እንደማይከላከልና በቀላሉ እንደሚወገድ ጽፎበታል።

ጋሽ ዲስኬት፦
ልጆች፣ ከመጯጯኻችሁ በፊት በእጃችሁ ያለው ጌም መቆለፍ አለመቆለፉን ፈትሹ። ግማሹ ክርክር የሚመጣው ባለመፈተሽ ነው።
ስቲም ላይ ጌሙን በቀኝ ክሊክ፣ «ማኔጅ»፣ ከዚያ «ብራውዝ ሎካል ፋይልስ»። የሚከፈተውን ፎልደር ሙሉውን ወደ ሌላ ሀርድ ዲስክ ቅዱት። ሙከራውን እዚያው ማሽን ላይ አትሥሩ፤ የስቲምን መስኮት ብትዘጉትም ከታች ሰዓቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይሠራል፣ ያታልላችኋል። ስቲም ጨርሶ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ፈልጉ፣ ኔቱን ንቀሉ፣ የጌሙን ማስነሻ ፋይል (ኢኤክስኢ) ክፈቱ። ተከፈተ ብላችሁ አትቁሙ። አዲስ ጨዋታ ጀምሩ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ዝጉ፣ መልሳችሁ ሎድ አድርጉ። ሜኑው ድረስ ከፍቶ ጨዋታው ላይ የሚያግድ አለና።
ስቲም ይከፈት ካለ ጥገኛ ነው። «ቪሲራንታይም140» ወይም «ኤምኤስቪሲፒ140» የሚባል ዲኤልኤል ፋይል የለም ካለ ግን ዲአርኤም አይደለም፤ የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅል ስለጎደለ ነው። ስቲም ጌሙን ሲጭን እሱንም አብሮ ይጭናል፣ ፎልደር ሲቀዳ ግን አይከተልም። ጫኑትና ድገሙት። በዚህ ስሕተት ብቻ «ተቆልፏል» ተብሎ ስሙ የጠፋ ጌም ብዙ ነው።
ጌም ያለ ዲአርኤም ከሚሸጠው ከጎግ ስትወስዱ ደግሞ ኦፍላይን ኢንስቶለሩን (ያለ ኔት የሚጭነውን) አውርዱ። ትልቅ ጌም ከሆነ አንድ ሴታፕና በርከት ያሉ ቢን ፋይሎች ናቸው፤ ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ ይሁኑ። አንዱ ቢን ከጎደለ ጭነቱ መሃል ላይ ይቆማል። ጋላክሲ የሚሉት የጎግ ፕሮግራም ለመጫወት ግዴታ አይደለም፣ ኦንላይን ግጥሚያ ላይ ግን የሚፈልጉት ጌሞች አሉ።

የአራዳው ዞን፦
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ የማየው ከአዲስ አበባ ኔትና መብራት አንጻር ነው። አንድ 40 ጊጋ ጌም በ10 ሜጋቢት መስመር ለመውረድ ሳይቆራረጥ ወደ 9 ሰዓት ይፈጃል። ጌም ዞን ውስጥ ላለ 8 ማሽን ለየብቻው ካወረድከው ሦስት ቀን። ኢንስቶለሩ በእጅህ ካለ ግን ደህና ዩኤስቢ 3 ሀርድ ዲስክ 40 ጊጋውን በ7 ደቂቃ ይገለብጠዋል፤ በሰከንድ 10 ሜጋባይት በሚጽፍ አሮጌ ፍላሽ ደግሞ ከሰዓት በላይ ነው። የፍላሹ ፎርማት ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፣ ኤክስፋት አድርጉት።
ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ የአሮጌ ዴስክቶፕ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የማዘርቦርዷ ባትሪ፣ ያቺ ሲአር2032 የምትባለው ክብ፣ 3 ቮልት መያዝ ስላቃታት። ቀኑ ከጥቂት ዓመት በፊት ሲሆን የሰርቨሩ ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫው) «ገና አልተሰጠም» ይሆናል፣ አካውንቱም አልገባም ይላል። ልጁ ፓስዎርድ ሲቀይር ይውላል። ባትሪዋን ቀይረህ ቀኑን አስተካክለው፣ ያልቃል። ቁልፍ የሌለው ጌም ግን መጀመሪያውኑ ቀኑን አይጠይቅም።
ስለ ኢንተርኔት መዘጋትማ ምን ላውራ። በእኛ 2012 ሰኔ መጨረሻ ላይ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ፈረንጅ በእሱ 2012 መዋጮ ሲጀምር ይህን አላሰበም።

ኮምፓይለር፦
ሁለት እርማት። አንደኛ፣ ስቲም ከ2023 ጀምሮ አንዱ ማሽን ላይ ያለውን ጌም በውስጥ ኔትወርክ ወደ ሌላው ያስተላልፋል፤ 8 ጊዜ ማውረድ ቀርቷል። ኦፍላይን ሞድም አለ፣ አንድ ጊዜ ኔት ላይ ገብተህ ጌሙን ከፍተህ ካየኸው በኋላ። የሚያበላሸው በመሃል የተጠራቀመ አፕዴት ነው፤ አፕዴት የሚጠብቅ ጌም ኦፍላይን ላይ አልነሣም ሊል ይችላል። ስለዚህ ወደ ኦፍላይን ከመሄድህ በፊት የማውረጃው ሰልፍ ባዶ መሆኑን እይ።
ሁለተኛ፣ ዲአርኤም የለውም ማለት 8 ማሽን ላይ ጭነህ በሰዓት አከራይ ማለት አይደለም። የጎግ ፈቃድ ለግል መጠቀሚያ ነው። ለጌም ዞን ስቲም የፒሲ ካፌ ፕሮግራም የሚለው የተለየ ፈቃድ አለው። «ቁልፍ ይነሣልን» ስንል ይኼንን የሚሰማ ስቱዲዮ ምን እንደሚያስብ አስቡት።

የአራዳው ዞን፦
ተቀብያለሁ። ስለ ፈቃዱ አልተከራከርኩም፣ ስለ ኔቱ ነው። ዴኑቮን ግን በየትኛው ሞድ ታልፈዋለህ? መጀመሪያ ሲከፈት ኔት ይፈልጋል፣ የሚሰጠውም ማረጋገጫ ለዚያች ማሽን ብቻ ነው። ፕሮሰሰር ስትቀይር እንደገና ይጠይቃል። ብዙ ጌም ላይ በቀን 5 ማሽን የሚል ገደብ አለ፤ የተበላሸ ኮምፒውተር እየፈታ የሚገጥም ሰው ስድስተኛው ላይ እስከ ነገ ይጠብቃል።

ሰባተኛ ሌቭል፦
እናንተ ስለ ቴክኒኩ ናችሁ። ለእኔ የሚያጣላው ቁልፉ አይደለም፣ ገንዘብ ከተሰበሰበ በኋላ ቃል መታጠፉ ነው። ሦስት ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ሦስቱም ለየቅል ናቸው።
ሻዶውረን ሪተርንስ በ2012 ከ1.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፣ ያለ ዲአርኤም ተብሎ። የሻዶውረን የቪዲዮ ጌም መብት ግን የማይክሮሶፍት ነው፣ ፈቃዱም ዲአርኤም ይጠይቅ ነበር። ስቱዲዮው ተደራድሮ ላዋጡት ሰዎች ጌሙንና የበርሊኑን ተጨማሪ የጨዋታ ክፍል ያለ ቁልፍ አስፈቀደላቸው፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው በስቲም ብቻ ተባለ። በኋላ ጎግ ላይም ወጣ። እዚህ ላይ ስቱዲዮው ክፉ አልነበረም፣ የራሱ ያልሆነውን ነገር ነው ቃል የገባው።
ኢሊት ዴንጀረስ ላይ ብቻን ያለ ኔት መጫወት ይቻላል ተብሎ ነበር፤ በኖቬምበር 2014፣ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው፣ ቀርቷል ተባለ። ይኼ በስሙ ዲአርኤም አይደለም፣ ውጤቱ ግን ከዲአርኤም ይብሳል፤ ሰርቨሩ የጠፋ ቀን ጌሙ የለም።
ፊኒክስ ፖይንት ደግሞ የስቲምና የጎግ ቅጂ ቃል ገብቶ በማርች 2019 ለአንድ ዓመት ኤፒክ የሚባለው ሱቅ ብቻ ሆነ። ገንዘብ መመለስ ቀረበ፣ ልክ ነው። ግን ገንዘቡ የሚመለሰው ወደ ተከፈለበት ካርድ ነው። ከዚህ ሆኖ በዋሽንግተን አጎቱ ካርድ ወይም በደላላ የከፈለ ሰው ማን ጋ ሄዶ ይቀበላል? የብሩስ ነገር? በጁላይ 2024 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ለምሳሌ የ30 ዶላር መዋጮ በብር እጥፍ ሊጠጋ ጥቂት ሳምንት ነው የፈጀበት።

ክራክ በቃኝ፦
እቁብ እንኳን ከዚህ ይሻላል። ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው፣ ዕጣህ ይደርሳል።

ሰባተኛ ሌቭል፦
ሳቅኩ። ግን ኪክስታርተር እቁብም ሱቅም አይደለም፣ ውሉ በአንተና በስቱዲዮው መሃል ነው፤ ኪክስታርተር ዳኛ አይሆንልህም። ሱቁ እንኳ የሚሸጥልህ ፈቃድ ነው፦ የካሊፎርኒያ ሕግ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ «ግዛ» የሚል በተን ላይ የሚሸጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ጻፉ ይላል፣ ለዘለቄታው አውርደህ ያለ ኔት የምታስቀምጠውን ግን አይነካም። ከዚያ ሕግ ለእኛ የሚጠቅመን ይህች ልዩነት ናት።
በእጅህ ያለው መሣሪያ ጊዜ ነው። የመዋጮ ዘመቻው እስኪዘጋ ድረስ ከካርድህ አይቆረጥም፣ መሰረዝም ትችላለህ። ከተዘጋ በኋላ ዋናው ገጽ አይታረምም፣ ስለዚህ የተጻፈው ቃል ቋሚ ነው፤ በአስተያየትና በአፕዴት የተነገረው ግን በገጹ ላይ ካልገባ አትቁጠረው። የመዝጊያው ቀን ካርዱ ላይ ብር ከሌለ 7 ቀን ይሰጥሃል፣ ከዚያ ትወጣለህ።

ኮምፓይለር፦
እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከአንቺ ጋር ነኝ። የእኔ ተቃውሞ «ሁሉም መዋጮ ያለ ቁልፍ ይሁን» የሚለው ላይ ነው። ኦንላይን ብቻ የሆነ ጌም በመጀመሪያው ቀን እንደዚያ ብሎ ከጻፈ ማንንም አላታለለም፤ የማይፈልግ አያዋጣ። እንዲሁም ሁለት ቅጂ መያዝ ለሦስት ሰው ስቱዲዮ ቀላል አይደለም። ፓች (ማስተካከያ) በወጣ ቁጥር ስቲም ላይ አንድ፣ ጎግ ላይ ሌላ እየገነባ ይፈትሻል። ያለ ዲአርኤም ቅጂው ከስቲሙ በሦስት ፓች ወደ ኋላ የሚቀረው አንዳንዴ ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ነው።

ክራክ በቃኝ፦
እሺ፣ «ሁሉም» የሚለውን ልተውልህ። «ያለ ዲአርኤም» ብሎ የሰበሰበ ግን ቁልፍ ካስገባ ከዴኑቮው ዋጋ በፊት የእኛን ይመልስ።

ፒያሳ ኪቦርድ (አወያይ)፦
እንግዲህ የሚያዋጣ ሰው ዘመቻው ሳይዘጋ ለስቱዲዮው የሚልከውን ጥያቄ እናዘጋጅ፣ ፒን አደርገዋለሁ፦ ያለ ኔት፣ ያለ አካውንት የሚጫን ኢንስቶለር ለአዋጪዎች ትሰጣላችሁ? ተጨማሪ የጨዋታ ክፍሉና ፓቹም በዚያው መንገድ ነው የሚመጣው? የጌሙ ስምና ዓለም መብት የእናንተ ነው ወይስ የሌላ ኩባንያ?

ጋሽ ዲስኬት፦
«በዋናው ገጽ ላይ ጻፉልን» የሚለውን ጨምርበት። ኢንስቶለሩ ላይ ደግሞ «ያለ ላውንቸር (ጌሙን የሚያስነሣ ፕሮግራም)» በል፤ ያለ ኔት ተጭኖ ላውንቸሩ መክፈቻ ላይ ኢሜይል የሚጠይቅ አለ።