አስቸኳይ! የአንበሳው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ፋን ይጠፋብናል፣ ቅዳሜ ልንከፍት ነው

አስተናጋጇ ዘሳቢያን፣ ሐሙስ ማታ 2፡10
ሰላም ቤተሰብ። እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ፋኑ ይነሳል፣ ትንሽ ይሠራል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ሦስቴ ሞከርን። ባትሪው ሙሉ ነው። ዛሬ ልጁ ውስጡ ሆኖ ራሱን ሊስት ነበር፣ ጎትተን ነው ያወጣነው። ቅዳሜ ከ6 ሰዓት ጀምሮ 14 ጠረጴዛ ተይዟል። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ 35 ዲግሪ ነበር። በዚያ ላይ ልጆቹ ጅቡን ሲያዩ ያለቅሳሉ። ምን ላድርግ?

አቦ ከዚራ
አቦ የምን አንበሳ? ማነው ውስጡ የገባው? ከመሃል ጀመርሽው እኮ እህቴ። ከሥሩ ንገሪን።

አስተናጋጇ ዘሳቢያን
ይቅርታ፣ ደንግጬ ነው። የልጆች መጫወቻ ያለው ሪዞርት ውስጥ ነው የምሠራው። ምግብ ቤቱን የምመራው እኔ ነኝ። እስካሁን እንደ ማንኛውም ቤት ነበርን፤ ፒዛ፣ ሩዝ፣ ጥብስ። ባለቤቱ ውጭ አገር አይቶ መጣና "ካራክተር ዳይኒንግ እናድርገው" አለ። ቤተሰብ ተቀምጦ ሲበላ ማስኮት (ጭንብል ያለው ሙሉ ልብስ) የለበሱ ገጸ ባሕርያት በየጠረጴዛው እየዞሩ ሰላም ይላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። እኛም አያ አንበሶን፣ እመት ጦጢትንና አያ ጅቦን አሰፋን። ራሱን ሊስት የነበረው አንበሳውን የሚለብሰው ሠራተኛችን ነው። የአንበሳው ራስ ውስጥ ትንሽ ፋን አለች። በፓወር ባንክ ነው የምትሠራው። እሷ ናት የምትጠፋው።

ጥገና መጋላ
ፓወር ባንኩን ቀይሪው።

ሁሌ ዝግጁ
ፓወር ባንኩ ነው። ታይዋን ገበያ ሞልቷል፣ ሌላ ግዢ።

አስተናጋጇ ዘሳቢያን
ቀይረናል። አዲስና ትልቅ ገዛን። እሱም ያው ነው። ግራ የገባኝ፣ ስልክ ስንሰካበት ሁለቱም ደህና ይሞላሉ።

ናፍቆት ድሬ
ሰላም የአገሬ ልጆች። ተወልጄ ያደግኩት ለገሃሬ ነው። አሁን የምኖረው ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ነው። የሆቴል ምግብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ይሄ ነገር እዚህ በጣም የተለመደ ነው። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በ1971 በፈረንጆቹ ሲከፈት አብሮት የተከፈተ ኮንቴምፖራሪ የሚባል ሆቴል አለ። የመናፈሻው ባቡር ሕንፃውን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። እኔ የባቡር ከተማ ልጅ ነኝና መጀመሪያ ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እዚያ ውስጥ ሼፍ ሚኪ የሚባል ምግብ ቤት አለ። ሚኪና ጓደኞቹ የወጥ ቤት ልብስ ለብሰው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ። የሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ደግሞ ልዕልቶች የሚቀበሉበት ሌላ አለ።

እህቴ፣ ዋናው ነገር ልብሱ አይደለም፣ ዙሩ ነው። ሁሉም ገጸ ባሕርይ በአንድ አቅጣጫ ይዙር። አንዱ ከጠረጴዛ ሲነሳ ሌላው ይተካ። አንድ ጠረጴዛ ከተዘለለ ልጁ ያለቅሳል፣ እናትየው ትቆጣለች፣ ምግቡ ቢጣፍጥም አይመለሱም። ሒሳቡንም በሰው አድርጉት፤ ለአዋቂ አንድ ዋጋ፣ ለልጅ አንድ ዋጋ። በሳህን ካስከፈላችሁ ሰው አንድ ሻይ ይዞ ሦስት ሰዓት ይቀመጣል፣ ሌላው ደጅ ይቆማል።

ደግሞ ያለ አጃቢ አታስወጡት። ጭንቅላቱን ያጠለቀ ሰው ወደ ታች አያይም። ጉልበቱ ሥር ያለ ሕፃን አይታየውም። አስተናጋጅ ትኩስ ሾርባ ይዞ ከኋላው ቢመጣ አይሰማውም። አጃቢው እጁን ይዞ ይምራው፣ ሰዓቱንም ይያዝለት። ሙሉ ጭንብል የለበሰ አይናገርም፣ በእጁ ነው የሚጫወተው። ልጆች ፊት ጭንቅላቱን ማውለቅ ደግሞ በፍጹም አይሆንም። አንድ ልጅ የአንበሳ አንገት ሲነቀል ካየ ለሊቱን አይተኛም።

አቦ ከዚራ
ወንድሜ፣ ኦርላንዶን አስጎበኘኸን። ፋኑስ?

ጋሽ ባቡር
ልጆቼ፣ እኔ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ምግብ ቤት አንበሳ ለምን ያስፈልገዋል? ምግብ ቤት የሚያስፈልገው ትኩስ ምግብና ንጹሕ ውሃ ነው። ልጅ ተረት የሚሰማው ከሰው አፍ ነው። አባባ ተስፋዬ ያንን ሁሉ ዓመት በቴሌቪዥን የአገሩን ልጅ ሲይዙ ፊታቸውን አልሸፈኑም። በድምፃቸውና በእጃቸው ነበር። አንድ ጥሩ ተራኪ ፊት ለፊት አስቀምጪ፣ ማይክ ስጪው። አንበሳውን ሲሆን ልጆቹ አንበሳውን ያዩታል። ፋንም አይፈልግም፣ ባትሪም አይፈልግም።

አስተናጋጇ ዘሳቢያን
ጋሼ፣ የሚሉት ይገባኛል፤ እኔም በአባባ ተስፋዬ ነው ያደግኩት። ግን ማስታወቂያው ወጥቷል። ሰው የሚመጣው አንበሳውን ብሎ ነው።

ጋሽ ባቡር
እንግዲያው ተራኪውን ለመጠባበቂያ ያዢው። አንበሳው ሲደክመው ይነሳል። ባቡር እንኳ ያለ መለዋወጫ አይወጣም ነበር።

ሲስተር ነኝ
እኔ ነርስ ነኝ። ከፋኑ በፊት ልጁ! አሁን እንዴት ነው? ሊስት ነበር ካልሽ ነገ አታልብሱት። ያን ወፍራም ልብስ የለበሰ ሰው ላቡ አይደርቅለትም፣ ላብ ካልደረቀ ሰውነት አይቀዘቅዝም። በድሬ ሙቀት ከ15 ደቂቃ በላይ አታቆዩት። ወጥቶ ጥላ ውስጥ ቢያንስ ያንኑ ያህል ይረፍ። ሁለት ሰው እየተፈራረቀ ቢለብሰው ይሻላል። ከመልበሱ በፊት ይጠጣ። 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው አይከመር።

ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ ካስመለሰው፣ ወይም ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ ቀልድ የለም። ልብሱን አውልቁ፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት። ቅዳሜ 6 ሰዓት ደግሞ ለምን? የድሬ ሰው ራሱ በዚያ ሰዓት ጥላ ፍለጋ ነው የሚገባው። ወደ ማታ 12 ሰዓት አዙሩት።

ናፍቆት ድሬ
ሲስተር ልክ ናት። እዚህም ብዙዎቹ የቁርስ ናቸው። ድሬ ላይ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ወርቅ ነው። ፉል፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ሳምቡሳ አቅርቡ። ወጥ ቤቱም ይቀለዋል።

ሁሌ ዝግጁ
ፓወር ባንኩን ቀይሩት ብያለሁ። ብራንድ ያለው ግዢ።

ኤሌክትሮ ለገሃሬ
አንበሳው አልታመመም። ፓወር ባንኩ ነው በድሬ ልማድ ከሰዓት የተኛው! አሁን የምጽፈውን ግን በደንብ አንብቢው። ፋኑን አስነሺና በስልክሽ ሰዓት ያዢ። ስንት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል? ሦስት ጊዜ ለኪ። አንገቱን ሲያዞር ከሆነ የሚጠፋው ሽቦው ላልቷል፣ ይበየዳል። ሁሌ በአንድ ዓይነት ሰከንድ ከሆነ ግን ምንም የተበላሸ ነገር የለም።

አስተናጋጇ ዘሳቢያን
ለካሁ። 30፣ 31፣ 30። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ነው፣ ማንም አልነካውም።

ኤሌክትሮ ለገሃሬ
በቃ ተገኘ። ፓወር ባንክ የተሠራው ስልክ ሊሞላ ነው። ስልክ ሲሞላ የሚስበው ኃይል እያነሰ ይሄዳል። ያኔ ፓወር ባንኩ "ስልኩ ሞልቷል" ብሎ ራሱን ያጠፋል። ያንቺ ፋን ደግሞ ትንሽ ናት፣ የምትስበው ኃይል ጭላጭ ነው። ምንም ያልተሰካ ይመስለዋል። ስልክ ደህና ሞልቶ ፋኗን የሚያጠፋው ለዚህ ነው። አሥር ብትቀያይሪ ብዙዎቹ ያው ናቸው።

አንዳንዱ ቁልፉን ሁለቴ ስትጫኚው ለጆሮ ማዳመጫ በሚሆን በትንሽ ኃይል ይሠራል። እሱን ሞክሪ። ካልሆነ በሁለተኛው ቀዳዳ ሌላ ነገር ሰኪበት። ሁለተኛ ፋን ቢሆን በጣም ጥሩ፣ ካልሆነም ትንሽ የዩኤስቢ አምፖል። ሁለቱ ሲደመሩ አያንቀላፋም። እሱም እምቢ ካለ ፓወር ባንኩን ተዪው። 3 የባትሪ ድንጋይ በተከታታይ ያዢው፣ 4.5 ቮልት ይሆናል፣ ለ5 ቮልት ፋን በቂ ነው። ከ5 በላይ ግን እንዳትሰጪ፣ ይቃጠላል።

ደግሞ ፋኑ ወደ የት ነው የሚነፋው? ወደ ፊቱ ከሆነ ያንኑ የታፈነ ትኩስ አየር ነው የሚያገላብጥበት። አዙሪው። ከአናቱ ላይ ሙቁን ወደ ውጭ ይግፋ፣ ቀዝቃዛው በአፉ በኩል ይግባ። የአንበሳው አፍ ጨርቅ ከሆነ ቆርጠሽ ጥቁር መረብ ስፊበት። ከውጭ ጨለማ ይመስላል እንጂ አይታይም።

እናት ከገንደቆሬ
እኔ ስለ ለቅሶው ልናገር። እህቴ፣ ልጆቹ ለምን እንደሚያለቅሱ እኔ ነኝ የማውቀው። "ካልበላህ አያ ጅቦ መጣልህ" እያልን ነው እኮ የምናጎርሳቸው! አሁን ቁጭ ብለው እየበሉ እያለ እውነትም መጣ። ምን ያድርጉ? የእኔ የ4 ዓመት ልጅ ቢሆን ጠረጴዛ ሥር ነው የሚገባው። ጅቡን አውጡት።

የጁገል ልጅ
ኧረ ጅቡን እንዳታወጡት! እኛ ሐረር ካራክተር ዳይኒንግ ከጀመርን ስንት ዘመናችን ነው። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅቡ እራቱን ይበላል፣ ቱሪስት ፎቶ ያነሳል።

የምሬን ነው አሁን። በሐረሪ ቋንቋ ጅብ ወራባ ነው። የጁገል ግንብ ሲሠራ ጅብ የሚገባበት ትንንሽ ቀዳዳ ተተውለት፣ ወራባ ኑዱል ይባላል። በዓሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል። አበላሉ ታይቶ ስለ ዓመቱ ይነገራል። እኛ ዘንድ ጅብ ልጅ ሊበላ አይመጣም፣ ተጋብዞ ነው የሚመጣው። ልዩነቱ እሱ ነው። እናንተ ልጁ እየበላ ጅቡን ላካችሁበት። ገልብጡት። ጅቡ ጥግ ላይ ቁጭ ይበል፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ይታሰር፣ ገበታ ይቅረብለት። ልጆቹ ናቸው ሄደው የሚያጎርሱት። መጀመሪያ ትልቁ ልጅ ይሂድ፣ ትንሹ ያያል። ጉርሻ የሰጠኸውን ሰው እንዴት ትፈራለህ?

እናት ከገንደቆሬ
ይሄ ይሻላል። ብቻ በግድ አታስጠጓቸው። ልጅ በራሱ እግር ይሂድ።

ሲስተር ነኝ
ለሙቀቱም ይሻላል። የሚቀመጥ ከሆነ ጣሪያው ላይ ካለው ትልቁ ቬንትሌተር ሥር አስቀምጡት።

ናፍቆት ድሬ
በጣም ቆንጆ ሐሳብ ነው። እዚህም የሚፈራ ልጅ ሲኖር አጃቢው ለገጸ ባሕርይው ምልክት ይሰጠዋል። እሱ ተንበርክኮ ከሩቅ እጁን ያወዛውዛል፣ አይጠጋም። ስለ ወራባው ግን ልቤን ነካኸው። ሐረር በልጅነቴ ሄጄ ጅብ አብልቻለሁ፤ እስካሁን ትንፋሹ እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ጋሽ ባቡር
አየሽ ልጄ፣ ተራኪም ትፈልጊያለሽ። ጅቡ ለምን ተጋበዘ? አንድ ሰው ይህን ታሪክ መናገር አለበት። በነፃ እመጣለሁ።

አስተናጋጇ ዘሳቢያን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እንባዬ መጣ። ልጁ ደህና ነው ሲስተር፣ ጠጥቶ ተኝቷል። ጋሼ፣ በውስጥ መስመር እጽፍልዎታለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤቱ የሚኪ ማውስ ልብስም ሊያዝ ነው። ልጆች ያውቁታል ይላል። ችግር አለው?

ናፍቆት ድሬ
አለው። "አሮጌው ሚኪ ነፃ ወጥቷል" ሲባል ሰምቶ ይሆናል። እውነት ነው፣ በፈረንጆቹ የ1928ቱ የመጀመሪያው ሚኪ የቅጂ መብቱ አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ አብቅቷል። ልጆች የሚያውቁት ግን የኋለኛውን፣ የዛሬውን ሚኪ ነው። የንግድ ምልክቱም አላለቀም። አገራችንም የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 እና የንግድ ምልክት አዋጅ 501/1998 አሏት። ምግብ ቤት በር ላይ ከመለጠፉ በፊት ጠበቃ ያማክር።

አቦ ከዚራ
አቦ ሚኪ ምን ያደርግላችኋል? አያ ጅቦን የሚያህል ከየት ይመጣል! ተረቱ የአያቶቻችን ነው። ማንም አይከሰንም፣ ልጁም ቤቱ ሲገባ አያቱን ይጠይቃል።

ጥገና መጋላ
ፓወር ባንኩ ተቀየረ?

ኤሌክትሮ ለገሃሬ
ወንድሜ ከላይ አንብብ። እህቴ፣ አምፖሏን ሰክተሽ ሞከርሽ? ነገ ከሰዓት ለገሃሬ አካባቢ ነኝ፤ የአንበሳውን ራስ በባጃጅ ላኪልኝ፣ ፋኑን አዙሬ እመልስልሻለሁ።

ኤሌክትሮ ለገሃሬ፣ ዓርብ ማታ 1፡30
ማንም አልመጣም። ሠራልሽ ማለት ነው?

ሲስተር ነኝ፣ እሑድ
እንዴት ዋለ? ሰዓቱን ወደ ማታ አዞራችሁት? ስለ ልጁ ብቻ ንገሪን።

የጁገል ልጅ
ጅቡስ? ገንፎውን በላ?

አቦ ከዚራ
ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ተኩል በዚያ በኩል በባጃጅ አልፌ ነበር። ግቢው በመኪና ሞልቷል። የአንድ ሽማግሌ ድምፅ በማይክ ይሰማል፣ ከዚያ ልጆች በአንድ ላይ ይጮኻሉ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ከመንገድ ላይ አይለይም። ጋሽ ባቡር፣ እርስዎ ነበሩ?