ኢንሱሊን እየወጋሁ ለወተት ብዬ አብሽ ልውሰድ?

አራስ ነኝ፦
ሰላም ናችሁ እህት ወንድሞቼ። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። አማቴ በየማታው ይደውላሉ። ልጅቷ ስታለቅስ በስልክ ከሰሙ "ወተትሽ አንሶ ነው፣ የላኩልሽን ጠጪ" ይሉኛል። የተፈጨ አብሽ በሰው እጅ ልከውልኛል። ባለቤቴ ደግሞ ወተት ይጨምራል የተባለ እንክብል ገዝቶ መጣ። አብሽ አለበት፣ እንስላል አለበት፣ ጎትስ ሩ የሚባል የማላውቀው ተክልም አለበት። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስኳር አለብኝ፤ ኢንሱሊን እወጋለሁ። አብረው ይሄዳሉ? የቱን ልውሰድ? ምን ያህልስ? አማቴን አልጠጣም ማለት በጣም ከብዶኛል።

የሁለቱ እናት፦
እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ እህት! እኔ ለሁለቱም ልጆቼ አብሽ ጠጥቻለሁ፤ ጡቴ ግጥም ይል ነበር። ላቤና ሽንቴ ግን የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ሽታ አመጣ። የልጄ ዳይፐር እንኳን እንደዚያ ሸተተኝ። ደንግጬ ሐኪም ጋ ስሄድ ከአብሹ ነው አለኝ። ስኳር ስለሌለብኝ ስለ ኢንሱሊኑ ምንም ልልሽ አልችልም።

አዋላጇ፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ከአብሹ በፊት አንድ ነገር እንይ። ወተትሽ እውነት አንሷል? ልቅሶ ብቻውን ይህን አይነግርሽም። አራስ ልጅ ማታ ማታ ደጋግሞ መጥባት ይፈልጋል፤ ይነጫነጫል። ጡትሽ መለስለሱም ወተት አለቀ ማለት አይደለም። የሚነግርሽ ዳይፐሩና ሚዛኑ ነው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 እና ከዚያ በላይ በሽንት የራሰ ዳይፐር ካለ፣ የተወለደችበትን ክብደት በሁለት ሳምንት ገደማ ከመለሰች፣ እየጠገበች ነው።

ወተት የሚመጣው በመውጣቱ ልክ ነው። ጡት ሞልቶ ሲቆይ ሰውነት "ይበቃል" ብሎ ማምረቱን ይቀንሳል። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢያት። አያያዟን ደግሞ እዪ፤ አፏ ሰፋ ብሎ ተከፍቶ፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩንም ክፍል ይዛ፣ ስትውጥ ድምፁ መሰማት አለበት። አያያዙ ካልተስተካከለ የትኛውም ቅጠል አያግዝሽም።

ወደ ስኳሩ ስመጣ፣ እባክሽ ይህን ልብ በይ። ማጥባት በራሱ የኢንሱሊን ፍላጎትን ሊቀንስ ይችላል። አብሽም በመጠን ሲበዛ ስኳር ያወርዳል። ጎትስ ሩም እንዲሁ ነው፤ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት መነሻው እሱ ተክል ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው። ሦስቱ ከኢንሱሊንሽ ጋር ሲደራረቡ፣ ሌሊት ልጅ ታቅፈሽ ስኳርሽ ሊወርድብሽ ይችላል። የስኳር ሐኪምሽን ሳታማክሪ አትጀምሪ። ካላበሽ፣ ከተንቀጠቀጥሽ ወዲያው ለኪ።

ፋርማሲ የሚሠራው፦
አዋላጇ በትክክል ተናግራለች። እኔ ስለ እንክብሉ ልጨምር፤ አሜሪካ ያለሽ ከሆነ ይህን እወቂ። በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለው ማሟያ እንደ መድኃኒት አስቀድሞ አይመረመርም፣ አይፈቀድም። አምራቹ ገበያ ላይ ያወጣዋል፤ ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) እጁን የሚያስገባው ችግር ሲገኝ ነው። ዕቃው ላይ "ድብልቅ" ብሎ ጽፎ የእያንዳንዱን መጠን የማይናገር ካጋጠመሽ ተዪው። ስንት አብሽ እንደዋጥሽ ካላወቅሽ ኢንሱሊንሽን በምን ታስተካክያለሽ? ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱም ይጠንቀቁ፤ አብሽ ደም መፍሰስ ሊያባብስ ይችላል። ለኦቾሎኒ ወይም ለሽምብራ አለርጂ ያለበት ሰውም አብሽ ሊያስነሳበት ይችላል፤ ዘመዳሞች ናቸው።

ወተት ይጨምራል ወይ የሚለውን በተመለከተ፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2020 ጥናቶቹን ሰብስቦ ገምግሟል። ማስረጃው ደካማ ነው፤ ይሠራል ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር አይበቃም። ላክትሜድ የሚባል ነጻ የመረጃ ቋት አለ፤ የመድኃኒቱንም የተክሉንም ስም እያስገባሽ ፈልጊ።

የልጅ ልጅ አሳዳጊ፦
ልጆቼ፣ ወረቀቱን አከብራለሁ። ግን በአብሽ ያደጉ ልጆችን በዓይኔ አይቻለሁ። ጥናት ስላልተጠና ብቻ የእናቶቻችን ዕውቀት ከንቱ ነው አይባልም። አማትሽም ከፍቅር ነው ልጄ፣ አትቆጪባቸው።

ፋርማሲ የሚሠራው፦
እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከንቱ አላልኩም። የእርስዎ ዘመን እናቶች አብሹን ሲጠጡ ልጁ ቀኑን ሙሉ ጡት ላይ ነበር፤ እናትየዋም አጠገቧ ሰው ነበራት። ወተቱን የጨመረው የትኛው እንደሆነ እንዴት እንለያለን? ደግሞም እህታችን ኢንሱሊን ትወጋለች።

የሌሊት ፈረቃ፦
አጠገቧ ሰው ነበራት ያልከው ውስጤን ነካኝ ወንድሜ። እኔ ስወልድ ከሆስፒታል ወደ ቤት የገባሁት ብቻዬን ነው። እናቴን ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አያታለሁ፤ ትራስ እንዴት እንደማደርግ በስክሪን ታሳየኛለች፤ ኔትወርኩ ይቆረጣል። የወንድሜ የትምህርት ክፍያ ስለደረሰ ቶሎ ሥራ ገባሁ። ወተቴ የቀነሰው ያኔ ነው። የጡት ማለቢያውን ይዤ ብሄድም ዕረፍት ስጡኝ ለማለት አፈርኩ፤ ጡቴ ሞልቶ ጠጥሮ እያመመኝ ፈረቃዬን እጨርስ ነበር። የሚጠጣ ነገር በየዓይነቱ ሞከርኩ። ጊዜ ግን አልነበረኝም።

ፋርማሲ የሚሠራው፦
ይህን ሌሎችም ስሙ። አሜሪካ ውስጥ በ2022 የወጣ ሕግ አብዛኞቹ ቀጣሪዎች ከወሊድ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ለማለብ ዕረፍትና ከመጸዳጃ ቤት ውጭ የሆነ የተከለለ ቦታ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ኢንሹራንሶችም አብዛኞቹ ማለቢያውን ይሸፍናሉ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ነጂው፦
ጉዳዩ አብሽ አይደለም፤ ሀገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን ኑሯችንን አለማወቃቸው ነው። አንዱ ገንዘብ ላክ ይላል፣ አንዱ ይህን ጠጪ ይላል። እንዴት እንዳደርን አይጠይቁም። እህቴ፣ ስልኩን አታንሺው።

የሁለቱ እናት፦
ወንድሜ፣ ይሄ ምክር ነው? አራስ ናት፤ ከቤተሰቧ አታጣላት። አማቷ የልጅ ልጃቸውን ማቀፍ ስላልቻሉ አብሽ ላኩ። ሌላ ምን በእጃቸው አለ?

ነጂው፦
ማቀፍ የሚፈልግ ሰው "እንዴት አደርሽ" ብሎ ይጀምራል። "ወተትሽ አንሷል" ብሎ አይደለም። የእኔም ባለቤት በዚህ ንግግር ስታለቅስ አይቻለሁ።

የልጅ ልጅ አሳዳጊ፦
ልጄ፣ እኛ እንክብካቤን የምንናገረው እንደዚያ ነው። ቃሉ ይሻክራል፣ ልቡ ግን አይሻክርም።

አራስ ነኝ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዳይፐሩን ከትናንት ጀምሮ እየጻፍኩ ነው፤ ከ6 በላይ ነው። ሚዛን ነገ ትወጣለች። እንክብሉን አልከፈትኩትም፤ የስኳር ሐኪሜ ሐሙስ ታየኛለች። የተፈጨውን ትንሽ ብቻ ብወስድስ ያልኩት ግን መልስ አላገኘሁም። አማቴ ዛሬም ደውለዋል።

አዋላጇ፦
ለምግብ ማጣፈጫ የሚገባው ቁንጥር እና በእንክብል የሚዋጠው መጠን በጣም ይለያያሉ እህቴ። ስንት ይሁን የሚለውን ግን የስኳር ቁጥሮችሽን ሳላይ ልነግርሽ አልችልም። ልኬትሽን ጽፈሽ ሂጂ፣ ዕቃውንም ይዘሽው ሂጂ።

ነጂው፦
አማቷንስ ማን ይመልስላት? ባሏ የት ነው? እናቱ ናቸው እኮ፤ እሱ ያናግራቸው!