«የቅጂ መብቱ ተላልፏል» ሲባል የተላለፈው ምኑ ነው?

የደሴው፦ ጓደኛዬ የመንዙማ ግጥም ይጽፋል። አንድ ስቱዲዮ ውል ሰጥቶት «እስኪ አንብብልኝ» ብሎ አመጣልኝ። እንዲህ የሚል አለበት፦ «የሥራው የቅጂ መብት ለአሳታሚው ተላልፏል።» ሰውዬው በቃል ደግሞ «ቅጂው የእኔ፣ ግጥሙ ያንተ» ብሎታል። ቅጂ እዚህ ላይ የተቀዳው ድምፅ ነው ወይስ ግጥሙን የማባዛት መብት? ልዩነቱ ብዙ ብር ነው።

ባቲ ገበያ፦ ቅጂ ከ«ቃዲ» የመጣ ነው። ቃዲ ፊት የጸደቀ ወረቀት ማለት ነው። ወሎ ተወልጄ ይህን ካላወቅሁ ምኑን አወቅሁት!

የዋድላ ተማሪ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ቃዲውን ተወው። ግሱ ቀዳ ነው፤ ግእዙ ቀድሐ። ውኃ የሚቀዳበት ቀዳ። «ወለደ፣ ወላጅ» ላይ ደ ወደ ጀ እንደዞረው ማለት ነው። ከምንጭ ቢቀዱ ምንጩ አይጎድልም። ስለዚህ ቅጂ በቋንቋችን ስርቆት ሊሆን አይችልም።

ባቲ ገበያ፦ እኔ ባልጠጣም፣ ጠላ ሲቀዳ ያልቃል ሲሉ እሰማለሁ።

መምህር ዘሐይቅ፦ ልጆቼ፣ የብራና መጽሐፍ ገልጣችሁ አታውቁም? «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» ይላል። የሰረቀውን፣ የፋቀውን አለ። «ዘጸሐፎ» ግን አላለም። መገልበጥማ የሚያስመርቅ ሥራ ነበር። የተወገዘው ብራናውን ይዞ የሄደው ነው።

ጠበቃው፦ የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና «ዘፈሐቆ»ን አሳነሷት። የሚፋቀው እኮ ስም ነው። የሰው ስም ፍቆ የራስን መጻፍ ዛሬ የሞራል መብት የምንለውን መጣስ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ደራሲው ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ይሰጠዋል።

መምህር ዘሐይቅ፦ የሚፋቀው ያጻፈው ሰው ስም ነው፣ ወይም መጽሐፉ የተሰጠው ቤተ ክርስቲያን ስም። የደራሲውን ማን አነሣው? ስንቱ ደራሲ ስሙን ሳይጽፍ ነው ያለፈው።

ጠበቃው፦ እንግሊዞችም ከዚያው ነው የተነሡት። በፊት መብቱ የአታሚዎቹ ማኅበር ነበር። ደራሲው በሕግ ባለመብት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1710 በንግሥት አን ዘመን ነው። ለአዲስ መጽሐፍ 14 ዓመት ተሰጠ፤ ደራሲው እስከዚያ ካልሞተ ሌላ 14 ይጨመርለታል። እኛ ዘንድ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ ገባ። አሁን በአዋጅ 410 የደራሲው ዕድሜ ሙሉ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ነው። ደግሞ የአዋጁን ስም አንብቡት፦ «የቅጂ እና ተዛማጅ መብቶች»። ቅጂ የደራሲው ነው። ድምፅ የቀዳው ሰው መብት «ተዛማጅ» ውስጥ ነው ያለው።

የዋድላ ተማሪ፦ 1710! ዋድላ ቅኔ ቤት የሰው ቅኔ የራስህ አስመስለህ ብትዘርፍ አዋጅም ውግዘትም አያሻም ነበር። ጓደኞችህ ስቀው ይጨርሱሃል።

የደሴው፦ ይፈርም ወይስ አይፈርም?

ባቲ ገበያ፦ ቆይ እሱን። አምባሰልና ባቲ ቅኝት የማን ናቸው? የባቲ ልጅ ነኝ። በባቲ የዘፈነ ሁሉ ድርሻዬን ይላክልኝ።

ጠበቃው፦ ቅኝት የማንም አይሆንም። አዋጁ ሐሳብን፣ ዘዴን፣ ሥርዓትን አይጠብቅም። የሚጠብቀው በቅኝቱ የተሠራውን ዜማ ነው። አንድ ሰው ባቲን በስሙ ቢያስይዝ ኖሮ ወሎ ሙሉ ዝም ባለ ነበር።

የዋድላ ተማሪ፦ ቅኝት ራሱ ከ«ቀነየ» ነው፤ አስገዛ፣ አሠራ ማለት ነው። ክራር ሲቃኝ ጅማቱ ለጣት ይገዛል።

ባቲ ገበያ፦ ቃኘ እኮ ሰለለ ማለትም ነው። ጅማቱን ማን ሰለለው?

መምህር ዘሐይቅ፦ የክራሩን ልቀበልህ። ከቅኔ ጋር ግን እንዳትቀላቅልብኝ።

የዋድላ ተማሪ፦ ቅኔም እኮ ከቀነየ ነው፣ የኔታ።

መምህር ዘሐይቅ፦ እሱን ለእኔ ነው የምትነግረኝ?