ደብረ ብርሃን ላለ ቢሮ የአይፒ ስልክ፦ የትኛው ይሻላል? ቁጥሩስ እንዴት ይደልደል?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቢሮ ኖሯችሁ «የኢንተርኔት ስልክ እናስገባ፣ የቱን እንግዛ?» ለምትሉ ጥቆማዬ ይኸው። ከ10 እስከ 30 ስልክ የሚበቃውን ቢሮ አስቤ ነው የምጽፈው።

ፍሪፒቢኤክስ የቢሮ ጥሪ የሚያከፋፍል ሶፍትዌር ነው፤ በነፃ ይወርዳል። አስተሪስክ በሚባል የስልክ ሶፍትዌር ላይ የቆመ ስለሆነ የማይሠራው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ግን ሊኑክስ (ሰርቨሩ የሚሠራበትን ሲስተም) የሚችል ሰው አጠገባችሁ ከሌለ ተዉት። ሰርቨሩ የተበላሸ ቀን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ባለሙያ ማስመጣት ነው። ስሪሲኤክስ የሚባለው ሶፍትዌር ገጹ ያምራል፣ ሞባይል ላይም ይሠራል፤ ፈቃዱ ግን በየዓመቱ ይታደሳል፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ። እኔ የምመርጠው የግራንድስትሪም ኩባንያን የጥሪ ማከፋፈያ ሳጥን ነው፤ ዩሲኤም 6302 ዓይነቱን። ሁለት መደበኛ የስልክ መስመር በቀጥታ ይሰካበታል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ይህ መደበኛ የመዳብ መስመር ይደርስላችኋል። ይስታር የሚባለው ሳጥንም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ሞዴሎች ለመደበኛ መስመር ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ክፍል (ሞጁል) ይፈልጋሉ። ዋጋ ስትጠይቁ እሱን ጨምሩ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ልምጣ፤ ዳይል ፕላን። ሠራተኛው የነካው ቁጥር በየት በኩል ይውጣ የሚለው ሕግ ማለት ነው። ሳጥኑ ከመምጣቱ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት።

የውስጥ ቁጥሮችን በ2 ጀምሩ፤ 201፣ 202 እያላችሁ። ሸዋ ሮቢት ቅርንጫፍ ካላችሁ 3 ስጡት። በ9 ግን በፍጹም! 991 ፖሊስ ነው፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ሒሳብ ክፍሉን 907 ካላችሁት፣ ሰው ታሞ አምቡላንስ ሲጠራ ካሸሯ ታነሳለች። «ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9» የሚለውን የድሮ ልማድም እርሱት። የሞባይሉም የመደበኛውም ቁጥር በ0 ስለሚጀምር ሳጥኑ ራሱ ይለየዋል።

በ09 ወይም በ07 ጀምሮ ሌላ 8 አሃዝ ከተከተለ ሞባይል ነው። በ011 ጀምሮ ሌላ 7 አሃዝ ከተከተለ መደበኛ ስልክ ነው። ደብረ ብርሃንም እንደ አዲስ አበባ 011 ውስጥ ናት፤ 681 ይከተላል። ደሴና ኮምቦልቻ 033 ስለሆኑ፣ ከ02 እስከ 05 ለሚጀምሩት ሌላ ሕግ ጨምሩ። የቁጥሩን ርዝመት ቁርጥ አድርጋችሁ ካልጻፋችሁ፣ ስልኩ «ይቀጥል ይሆን?» እያለ ሰከንዶች ይጠብቃል። ሠራተኛው ደግሞ ኔትወርኩን ይራገማል። ከሞባይል የተገለበጠ ስም ዝርዝር በ+251 ስለሚጀምር፣ እሱን ቆርጦ 0 የሚተካ ሕግም ያስፈልጋል። 991ን እና 907ን በመዳቡ መስመር አስወጧቸው።

ሰነፍ ጫኝ ግን «0 ካለ በኋላ የፈለገው ይምጣ» የሚል አንድ ክፍት ሕግ ጽፎ ይሄዳል። በዚያ ቀዳዳ የውጭ አገር ጥሪ መነሻ የሆነው 00ም ያልፋል። ደካማ የይለፍ ቃል ያገኘ ሌባ ሌሊቱን ሙሉ ውጭ አገር ሲደውል ያድራል፣ ሒሳቡ እናንተ ላይ ይመጣል። 00ን ዝጉ፤ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ በሚስጥር ቁጥር ክፈቱ። ደግሞ «ከውጭ የሚመጣ ጥሪ በሳጥናችሁ እናሳልፍና ትርፍ እንካፈል» የሚል ሰው ከመጣ በሩን አሳዩት፤ በአዋጅ 761/2004 ወንጀል ነው።

መብራቱን ታውቁታላችሁ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ለሳጥኑ ብቻ ሳይሆን ስልኮቹን ለሚያገናኘው ስዊችና ለራውተሩም ይሁን፤ ስልኮቹ ከስዊቹ ኃይል የሚወስዱ ከሆነ ሁሉም አብረው ይቆያሉ። ለጫኙ ክፍያውን ከመጨረሳችሁ በፊት ደግሞ ከአንዱ ተራ ስልክ በ00 የሚጀምር ቁጥር ፊታችሁ ያስደውሉ። ከወጣ ሥራው አላለቀም።