«ሲሳይ በአላህ ነው» ካልን ውስን ሀብት የሚባለው ከየት መጣ?

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)
አሰላሙ ዓለይኩም። የኢኮኖሚክስ ትምህርት «ፍላጎት ወሰን የለውም፣ ሀብት ግን ውስን ነው» ብሎ ይጀምራል። ሱረቱ ሁድ 6ኛው አንቀጽ ደግሞ የፍጡር ሁሉ ሲሳይ በአላህ ላይ መሆኑን ይነግረናል። ይጋጫሉ? በእኛ አካባቢ እርሻ ምሳሌ ብታስረዱኝ።

መልስ 1
ወዓለይኩሙ ሰላም። «እጥረት» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል። አንዱ ዕቃ ከገበያ መጥፋቱ ነው። ሌላው የኢኮኖሚክስ ምሁሩ ሊዮኔል ሮቢንስ በፈረንጆቹ 1932 የጻፈው ነው፦ ብዙ ጥቅም ያለው ሀብት ለሁሉም ባንድ ጊዜ አለመዳረሱ። ይህን «ውስንነት» ብንለው ይሻላል። የዛሬው የውኃ ተራ ሽንኩርቱ ላይ ከዋለ ማሾው ይጠማል፤ ወንዙ ቢሞላም ተራው ያው አንድ ነው። እስልምና ይህን አይክድም፤ ዘካውን እዩት። በዝናብ የበቀለ እህል 10 በመቶ፣ በመስኖ 5 በመቶ፣ ዝናብና መስኖ እኩል ከተጋሩት 7.5 በመቶ ይወጣለታል። ከ10 ኩንታል ማሽላ በዝናቡ 1 ኩንታል፣ በመስኖው 50 ኪሎ ማለት ነው። ድካምና ወጪ ዋጋ ባይኖራቸው ይህ ልዩነት ባልመጣ ነበር።

መልስ 2
አንድ እርማት፦ 5 በመቶው በፓምፕ ወይም በጉልበት ለተሳበ ውኃ ነው። ከወንዝ በቦይ በራሱ የሚፈስ ከሆነ እንደ ዝናብ 10 በመቶ ነው። «መስኖ» ብለን ካለፍነው የድሃው ድርሻ በግማሽ ይጎድላል። ኒሷቡም (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛ መጠን) 5 ወስቅ ነው፤ ወስቅ የጥንት የእህል መስፈሪያ ነው፤ ብዙዎች ወደ 653 ኪሎ ያሰሉታል።

መልስ 3
የኢራቁ ሺዓ ምሁር ሙሐመድ ባቂር አስ‑ሰድር «ኢቅቲሷዱና» («ኢኮኖሚያችን») በተባለው መጽሐፋቸው ላይ ችግሩ የተፈጥሮ ንፉግነት ሳይሆን የሰው በደልና ጸጋን መካድ ነው ይላሉ፤ ማስረጃቸው ሱረቱ ኢብራሂም 34 ነው። ሌሎች ሙስሊም ምሁራን ግን ውስንነቱን ይቀበላሉ፤ ስለዚህ «የእስልምና አቋም ይህ ብቻ ነው» ማለት ስህተት ነው። ጎረቤታችን ወሎን እዩ። የኢኮኖሚክስ ምሁሩ አማርትያ ሴን በእኛ አቆጣጠር የ1965/66ቱን ረሃብ ሲመረምር የደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ ከክፍለ ሀገሩ እህል ይወጣ እንደነበርም አሳይቷል። የጎደለው የገበሬው የመግዛት አቅም ነበር።

መልስ 4
በገበያ ላይ ደግሞ ዋጋው የጨመረበትን ምክንያት መለየት ይቀድማል። የመካከለኛው ዘመን ሙስሊም ምሁር ኢብን ተይሚያ እንደሚሉት ምርት አንሶ ወይም ገዢ በዝቶ ከተወደደ ዋጋ መተመን በደል ነው፤ በተመን ቢታሰር ሻጩ እህሉን ያሸሻል፣ ወረፋው ይረዝማል። ነጋዴው ሕዝብ ተቸግሮ እያየ እህሉን ከዘጋበት ግን ያ ኢሕቲካር (ዋጋ ለማስወደድ ማከማቸት) ነው፤ በተገቢው ዋጋ እንዲሸጥ ይገደዳል። ሁለቱም ጎተራው ጋ «እጥረት» ይባላሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው።