ቆርቆሮ ቱቦ ያለው የጋዝ ውሃ ማሞቂያ፣ ግን ጭሱ የት ነው የሚሄደው?

የቆጪዋ፦
ሰላም ወገኖች። ከጅማ ነኝ፣ ቆጪ ነው የምንኖረው። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የተከራየነው ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አለ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጭ ሳጥን ነው፤ ከሥሩ ሁለት ትላልቅ ባትሪ ድንጋይ ይገባበታል። ውሃውን ስትከፍቱት ጠ ጠ ጠ ይልና ቦግ ይላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ከቀዝቃዛ ውሃ ስላዳነን አከራያችንን ስመርቅ ነው የከረምኩት። በጋውን ምንም አልሆንንም።

ክረምት ሲገባ ግን ነገር መጣ። የጅማን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፤ ሲጀምር ማቆሚያ የለውም። ብርዱ ሲበዛብን የመታጠቢያ ቤቷን ትንሽ መስኮት በላስቲክ ሸፈንኳት። በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስም በአሮጌ ፎጣ ደፈንኩ። እኔው በገዛ እጄ።

ባለፈው እሁድ የ11 ዓመት ልጄ ገብታ ቆየች። ፀጉሯ ብዙ ስለሆነ ሁሌም ትቆያለች። ስትወጣ «እማዬ፣ ጭንቅላቴን» ብላ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ወዲያው አስመለሳት። እናቴ እኛ ጋ ናት፤ «ከሙቅ ውሃ ወጥታ ነፋስ መታት፣ ምች ነው» አለችና ከጓሮ ዳማ ከሴ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ አሸተተቻት። በረንዳ ላይ ጋቢ አልብሰን አስቀመጥናት። ከሰዓት በኋላ ተሻላት። ዳማ ከሴው ሠራ ብለን ተገላገልን።

ማክሰኞ ደግሞ እኔ ታጠብኩ። ያው ራስ ምታት። ጉልበቴ ቄጤማ ሆነ። እኔን ማንም ዳማ ከሴ አላሸተተኝም፤ ውጭ ልብስ ሳሰጣ ቆይቼ ቀስ እያለ ለቀቀኝ። ጥርጣሬዬ የጀመረው ያኔ ነው። ምች መታጠቢያ ቤት ተደብቆ ሰው ይጠብቃል እንዴ?

ከማሞቂያው አናት ቆርቆሮ ቱቦ ይነሳና ኮርኒሱን በስቶ ይገባል። ጓሮ ቆሜ ጣሪያውን ሳይ ግን የወጣ ቱቦ የለም። የጋዝ ሽታም ጨርሶ የለም። አከራያችንን ስጠይቃቸው «ካልሸተተ አያፈስም፣ ካላፈሰ ችግር የለውም» አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ልከራከራቸው አልፈለግኩም። ግን እውነታቸውን ነው?

ባለመፍቻው፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሲሊንደሩን ራሱን ዝጊው። ከዚያ እናውራ።

አከራይሽ ሁለት ነገር ቀላቅለዋል። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝ በተፈጥሮው ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ሲያፈስ እንድናውቀው ተብሎ ነው የሚሸት ነገር የሚጨመርበት። እንዲህ ያለውን በአፍንጫሽ ትይዥዋለሽ። አንቺን ያመመሽ ግን ከተቃጠለ በኋላ የሚወጣው ነው። እሳቱ በቂ አየር ሲያጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጥራል። ሽታም ቀለምም የለውም። ጋዙ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ሰው ሊገድል ይችላል። በጋ ላይ መስኮቷ አዳነቻችሁ፤ ክረምት ላይ መስኮቷም በሩም ተደፈኑ፣ እሳቱ የራሱን ጭስ መልሶ መሳብ ጀመረ።

ቱቦው ከጣሪያ በላይ ካልታየ ኮርኒስ ውስጥ ነው ያለቀው። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው። ገጣሚው ቆርቆሮ መብሳት ይሰለቸዋል፣ ወይም ባለቤቱ ዝናብ ይገባብኛል ብሎ ይከለክለዋል። ሰው አስወጥተሽ አሳዪ።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ቱቦው ከማሞቂያው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ከዚያ ነው የሚታጠፈው። የሚጋደምበት ቦታ ካለ ወደ ውጭ እየወጣ ከፍ ይበል እንጂ አይዘቅዝቅ። ማጠፊያው ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው። ጫፉ ከጣሪያ በላይ ይውጣና የዝናብ ቆብ ይደረግለት፤ መስኮት አጠገብ ግን አይጨረስ። ፕላስቲክ ቱቦ አይሞከርም፣ ይቀልጣል። ለእሳቱ የሚገባ አየርም ያስፈልጋል፤ የማይዘጋ ቀዳዳ ማለቴ ነው። በላስቲክ ሊሸፈን የሚችል መስኮት አይቆጠርም፣ አይደል?

እውነቱን ከፈለግሽ ግን እንዲህ ያለ ከክፍሉ አየር የሚወስድ ማሞቂያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መግባትም አልነበረበትም። ጓሮ በኩል ግድግዳ ላይ፣ ዝናብ የማይመታው ቦታ ይሰቀል። ወደ ውስጥ የሙቅ ውሃ ቧንቧው ብቻ ይግባ።

ቱቦ መሳብ አለመሳቡን በቡና ዕጣን ታውቂዋለሽ። የጋዝ ሽታ አለመኖሩን አረጋግጠሽ፣ ማሞቂያው ለጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የሚጤስ ዕጣን ከሳጥኑ አናት፣ ቱቦው ከሚጀምርበት ክፍተት አጠገብ ያዢ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ጥሩ ነው። ወደ ፊትሽ ከተመለሰ ወዲያው ዝጊና ውጪ። አሁን ባለበት ሁኔታ ግን አትሞክሪው፣ መልሱ ይታወቃል።

ነርሷ፦
የልጅቷ ነገር አስደንግጦኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሂሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ደሟ እየዞረ በቂ ኦክስጅን አያደርስም ማለት ነው። ንጹህ አየር ላይ ሆኖም ግማሹ እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በረንዳ ላይ ማስቀመጣችሁ ነው የረዳት፤ ዳማ ከሴውን አልነቅፍም፣ እኔም ቤት አለ።

ደግሞ ከተከሰተ፣ ራሱን የሳተ ወይም የቃዠ ሰው ካለ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት። ስትገቡ «በጋዝ ማሞቂያ ታጥባ ነው» በሉ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ መርዝ ይታለላል፤ ሰውየው ታፍኖ 98 በመቶ፣ የጤነኛ ሰው ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ካልተናገራችሁ ወባ ወይም ታይፎይድ ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

አባ ቡኖ፦
ከሰልም ያው ነው ጎበዝ። ቡና ተፈልቶ ካለቀ በኋላ «ቤቱን ያሙቅልን» ብለን ምድጃውን መኝታ ቤት የምናስገባ አለን። ፍሙ ሲቀላ ጭስ የለውም ብለን ነው የምንሸወደው። እህቴ፣ ሲሊንደሩስ የት ነው ያለው? ያልተቃጠለው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ከላይ መስኮት መክፈት ብቻ አያስወጣውም።

የቆጪዋ፦
አመሰግናለሁ። ሲሊንደሩ ውጭ ነው፣ እሱ ደህና። መገጣጠሚያውን በልብስ ሳሙና አረፋ ቀባሁት፣ አልተነፋም።

ትናንት የወንድሜን ልጅ ባትሪ አስይዤ ኮርኒስ አስወጣሁት። ቱቦው ከኮርኒሱ አንድ ክንድ አልፎ ቆሟል። ክፍት አፉ ከጣሪያው ቆርቆሮ በታች! ወራጁ እንጨት ጠቁሯል፣ ዙሪያው እርጥብ ነው። ለካ ኮርኒሱ ላይ ያለው ቡናማ ክብ፣ ስንት ጊዜ ጣሪያው ያፈሳል ብለን ያማረርንበት፣ የእሳቱ እንፋሎት ነው።

አከራያችን መጡ። ከታች ሆነው «እስቲ ፎቶ አንሳው» አሉት። ስልኩን ጠጋ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩትና «የገጠመው ልጅ ጨርሻለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ማሞቂያው ጓሮ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ተስማማን፣ ወጪውን ለሁለት። እዚሁ ጅማ መርካቶ ያለው ቆርቆሮ ሠሪ ለቱቦውና ለቆቡ ልኬት ወስዷል፤ ሐሙስ ብሎኛል። ላስቲኩን ቀድጄ ጥያለሁ። እስከዚያ በድስት እያሞቅን፣ በጆግ ነው የምንታጠበው።