ለታዳጊ ሯጭ ሽልማት በቂ ምክንያት ነውን?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ወደ ረጅም ርቀት ልምምድ ለሚገቡ ታዳጊዎች አስቀድሞ የሚነገራቸው የሽልማት ገንዘብና የቤተሰብ ኑሮ መለወጥ ነው። ይህ ተገቢ ነውን?

የስፖርት መምህር፦ ተገቢ አይመስለኝም። ሽልማት የሚገኘው በውድድር ቀን ሲሆን ልምምዱ ግን ወራት የሚፈጅና ተመልካች የሌለበት በመሆኑ፣ በየማለዳው የሚያስነሳው የራሱ ምክንያት የሌለውን ልጅ አንድ ጉዳት ወይም አንድ የተበላሸ ውድድር ሊያስቆመው ይችላል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ክብሩን ጨርሳው ነበር። ሆኖም ወልዳ ተመልሳ በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት ደገመችው፤ በ2009 ደግሞ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ይህን ሁሉ ዓመት ያጸናት የሽልማት ስሌት ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

አሰልጣኝ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ወደ እኔ የሚመጡትን ልጆች ቢያዩ እንዲህ ባልፈረዱ ነበር። አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ የሚሮጡበት ጫማ ከሌላ ሰው የተረፈ ስለሆነ ሲሰፋቸው ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀው ያስሩታል። ለእናቱ ቤት ለመሥራት ከሚሮጥ ልጅ ይልቅ ጥልቅ የግል ምክንያት ያለው ማን ነው? በእኛ ዘንድ ቤተሰብ ከራስ ተነጥሎ የሚቆም ነገር አይደለም።

የማራቶን ሯጭ፦ እኔም የገባሁበት ታናናሽ እህቶቼን ለማስተማር ነው፤ አላፍርበትምም። ነገር ግን ለቤተሰብ መሮጥና ለቤተሰብ ቃል ገብቶ መሮጥ ይለያያሉ። ሰንዳፋ ላይ ረጅም ሩጫ ባለን ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን በጨለማ እንሳፈራለን፤ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ እግር አልታዘዝ ሲል በሐሳቤ ውስጥ ብርም ቤትም የለም፤ ከፊቴ የምትሮጠውን ልጅ ተረከዝ ላለመልቀቅ ብቻ ነው የምታገለው። ይህን ትግል ካልወደዱት አይዘለቅም። ከእኔ ጋር ከጀመሩት መካከል ብርቱ የነበሩ ልጆች፣ ከቤት እየተደወለ «መቼ ነው ውጭ የምትሄጂው?» ሲባሉ ጉዳታቸውን ደብቀው እየሮጡ ከነጭራሹ ቀርተዋል። አሰልጣኝ፣ ልጁ ለእናቱ ያለው ፍቅር ያጸናዋል፤ የተቆረጠለት ቀን ግን ይሰብረዋል።

የስፖርት መምህር፦ እህቴ ያልሽው ክርክሬን አርሞልኛል፤ የቤተሰብን ፍቅር ከገንዘብ ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ አይገባም። ታምራት ቶላ እ.ኤ.አ. በ2024 ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር፤ ከተመረጡት አንዱ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ተተክቶ በ2:06:26 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ላይሮጥበት ለሚችል ውድድር እንዲያ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ከሽልማት ያለፈ ነገር ይጠይቃል።

አሰልጣኝ፦ ታምራት ያን ጊዜ እ.ኤ.አ. የ2022 የዓለም ሻምፒዮን ነበርና ለጀማሪ ምሳሌ መሆኑን አልቀበልም። ገና ለትልቅ ውድድር የሚያበቃ ሰዓት ያላሟላ ልጅ የሚያስበው የቤቱን ችግር ነው፤ ያንን እርሳው አልለውም። ለወላጅ ዓመት ቆርጦ ተስፋ መስጠትን ግን እቃወማለሁ፤ ክለቦችም ልጅ ሲመዘግቡ ውጤት ለመምጣት ዓመታት እንደሚወስድ፣ ላይመጣም እንደሚችል፣ በወላጁ ፊት ሊናገሩ ይገባል።